ጀርበራን በቲሹ ካልቸር ማባዛት፦ ከእንቡጥ እስከ ችግኝ ቤት

ጀርበራ የተባለውን አበባ በዘር የሚያባዛ ሰው እናት ተክሉን የሚመስል ችግኝ አያገኝም። አንዱ ቀይ ሌላው ሮዝ ያወጣል፤ የአንዱ ዘንግ ይረዝማል፣ የሌላው ያጥራል። ተቆርጦ ለገበያ ለሚቀርብ አበባ ደግሞ ወጥነት ግድ ነው። ጉቶውን ከፋፍሎ መትከል ዝርያውን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ከአንድ እናት በዓመት የሚገኘው ችግኝ ጥቂት ነው፣ አፈር ውስጥ ያለው የፋይቶፍቶራና የፉዛሪየም በሽታም አብሮ ይሸጋገራል። በዓለም ገበያ ተቆርጦ የሚሸጠው ጀርበራ ከሞላ ጎደል ሁሉም መነሻው የላቦራቶሪ ጠርሙስ የሆነው ለዚህ ነው። መንገዱ፣ ማለትም ቲሹ ካልቸር (የተክል ቁራጭን በጠርሙስ ውስጥ በንጹሕ ምግብ ማሳደግ)፣ አዲስ አይደለም። ሙራሺጌና ስኩግ ዛሬም የምንጠቀምበትን የኤምኤስ ምግብ (በስማቸው የተሰየመ የጨዎች ቅልቅል) ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1962 በትምባሆ ላይ ሲሠሩ ነው፤ የጀርበራን የማባዛት ዘዴ ደግሞ ሙራሺጌ ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 አሳተመ።

አዲስ ላብ የሚከፍቱ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «ቢኤፒ ስንት ሚሊግራም ልጨምር?» ብለው ነው። ቢኤፒ ቡቃያ እንዲበዛ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከታች በቁጥር አለ። ነገር ግን አብዛኛው ተክል የሚያልቀው ሆርሞኑ በግማሽ ሚሊግራም ስለተዛባ አይደለም። የሚያልቀው እናት ተክሉ ንጹሕ ስላልነበረ፣ ምግቡ በቂ ሙቀት ስላላገኘ፣ ወይም ችግኙ ከጠርሙስ በወጣ በሳምንቱ ስለደረቀና ስለበሰበሰ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት፦ ይህ ሥራ ለሁሉም አበባ አያዋጣም። ጽጌረዳ በምሥራቅ አፍሪካ እርሻዎች እንደ ናታል ብራየር ባለ መደብ ሥር (ሌላ ዝርያ የሚጣበቅበት የጽጌረዳ ሥር) ላይ እየተጣበቀ በርካሽ ይባዛል፤ እያንዳንዱን ችግኝ በጠርሙስ ማሳደግ ከዚያ ጋር በዋጋ አይወዳደርም። ክሪሳንተመምና ካርኔሽን ደግሞ ላብ ውስጥ የሚገቡት በዋናነት ንጹሕ እናት ተክል ለማግኘት ነው፤ ብዛቱ የሚመጣው ከዚያች ንጹሕ እናት በሚወሰድ ቁራጭ ነው። ጀርበራ፣ አንቱሪየምና ፋላኖፕሲስ ኦርኪድ ግን ሌላ ፈጣን መንገድ ስለሌላቸው ወጪውን ይሸከማሉ።

እናት ተክሉ

ሥራው የሚጀመረው ላብ ውስጥ ሳይሆን ግሪንሀውስ ውስጥ ነው። እናት እንድትሆን የምትመረጠው ተክል አበባዋ ታይቶ የተረጋገጠ፣ ቢቻል ለሁለት ወቅት የተከታተላችኋት መሆን አለባት። ቅጠሏ ላይ ዥንጉርጉር፣ አበባዋ ላይ የቀለም መቆራረጥ ካለ ቫይረስ ሊሆን ይችላልና አትውሰዷት። ቲሹ ካልቸር በራሱ ቫይረስን አያጠፋም። ሞሬልና ማርታን በ1952 ከታመመ ዳሊያ ጤነኛ ተክል ያወጡት የእድገት ጫፉን ብቻ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰችውን ክፍል ቆርጠው በማሳደግ ነው። የሴንቲሜትር ቁራጭ ካስገባችሁ ቫይረሱንም አብራችሁ ታበዙታላችሁ። የምትችሉ ከሆነ የቅጠል ናሙና በኤላይዛ (ቫይረስን በሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ) ይመርመር።

የተመረጠችውን እናት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ዝናብ በማይነካት ጣሪያ ሥር አቆዩ። ውሃ ከላይ አይፍሰስባት፣ ከሥሯ ብቻ ይንጠባጠብ። ቅጠልና እንቡጥ ላይ የሚቀር ውሃ የሻጋታና የባክቴሪያ መራቢያ ነው፤ በኋላ በረኪና የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ የሚደበቀው ያ ነው። እንቡጡን ከመውሰዳችሁ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ወደ ተክሉ ውስጥ የሚሰርግ የፈንገስ መድኃኒት ርጩ። ትሪፕስና ማይት የተባሉት ጥቃቅን ተባዮች ካሉ መጀመሪያ እነሱን ጨርሱ። ማይት ላብ ከገባ ከጠርሙስ ጠርሙስ እየሄደ የሻጋታ ዘር ያዳርሳል፣ ለማስወጣትም እጅግ ከባድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚወሰድ ቁራጭ በበጋ ከሚወሰደው ይልቅ ይበላሻል፤ ምርጫ ካላችሁ አዲስ መነሻ በክረምት አታስገቡ።

ለምን እንቡጥ?

ብዙ መመሪያ የጀርበራን የቡቃያ ጫፍ ውሰዱ ይላል። ይሠራል፤ ነገር ግን የጀርበራ ቡቃያ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ከቅጠሎቹ እምብርት ስለሚወጣ በጣም ቆሻሻ ነው፤ እሱን ለመውሰድ ደግሞ ተክሏን መግደል ያስፈልጋል። እኔ የምመክረው ገና ያልተከፈተ ትንሽ የአበባ እንቡጥ ነው። በአረንጓዴ የሽፋን ቅጠሎች ተጠቅልሎ ስለሚቆይ ውስጡ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው፣ እናትየዋም ትተርፋለች። የእንቡጡ ስፋት ከ0.5 እስከ 1 ሴንቲሜትር ይሁን። ከ1.5 ሴንቲሜትር ካለፈ አበባ ለመሆን ቆርጧልና ቡቃያ የማውጣት ዕድሉ ይቀንሳል።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። እንቡጡን ከነ2 ሴንቲሜትር ዘንጉ ቁረጡ፤ በፈሳሽ ሳሙና አሽታችሁ በሚፈስ የቧንቧ ውሃ ለ30 ደቂቃ እጠቡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ላሚናር ፍሎው (የተጣራ አየር የሚነፍስበት የሥራ ሣጥን) ውስጥ ነው። በ70 በመቶ አልኮል ለ30 ሰከንድ ንከሩና አንድ ጊዜ በተቀቀለ (በግፊት እንፋሎት ከጀርም በጸዳ) ንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፤ አልኮልና በረኪና መገናኘት ስለሌለባቸው ይህን ማለቅለቅ አትዝለሉት። ከዚያ በረኪናው ይቀጥላል። መያዣው ላይ 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተጻፈበትን በረኪና 200 ሚሊሊትር ከ800 ሚሊሊትር ውሃ ብትቀላቅሉ 1 በመቶ ይሆናል። በሊትር ሁለት ጠብታ ትዊን 20 ጨምሩበትና እንቡጡን እያወዛወዛችሁ 15 ደቂቃ አቆዩ። ትዊን ከሌለ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይተካዋል፤ ዓላማው ፈሳሹ ጸጉራማው ገጽ ላይ አየር ሳይዝ እንዲጣበቅ ነው። በመጨረሻ በተቀቀለ ውሃ ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን 5 ደቂቃ አለቅልቁ።

በረኪና ሲቆይና ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የከረመ ጠርሙስ ላዩ 5 በመቶ ቢልም ውስጡ ግማሹ ላይኖር ይችላል። የተመረተበትን ቀን አይታችሁ አዲሱን ግዙ፤ የቀጠናችሁትን በዚያው ቀን ጨርሱ። በአንዳንድ ጽሑፎች የሚመከረውን የሜርኩሪ ክሎራይድ አትንኩት። ለሠራተኛው መርዝ ነው፣ ዝቃጩንም በሰላም የሚጥሉበት ቦታ የለም። በእንቡጥ ከሠራችሁ ደግሞ በረኪና ይበቃል።

አልኮሉን በተመለከተ፣ 96 በመቶውን 73 ሚሊሊትር ለክታችሁ በተጣራ ውሃ 100 ሚሊሊትር ብትሞሉት 70 በመቶ ይሆናል። ጠንከር ያለው ይሻላል ብላችሁ 96ቱን እንዳለ አትጠቀሙ፤ የሕዋሱን ገጽ ቶሎ አድርቆ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይቀራል።

ምግቡ

ለጀማሪ ቫይታሚን የተጨመረበት የተዘጋጀ የኤምኤስ ዱቄት ምርጥ ነው፤ በሊትር 4.4 ግራም ይገባል። ዱቄቱ እርጥበት ይስባል። የተከፈተ ፓኬት ወዲያው ካላለቀ ይረጋል፣ ሚዛኑም ይሳሳታል፤ ስለዚህ አንድ ፓኬት የሚበቃውን ያህል ምግብ በአንድ ቀን ሥሩ። ከየጨዉ ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ዋና ዋናዎቹ በሊትር አሞኒየም ናይትሬት 1,650፣ ፖታሲየም ናይትሬት 1,900፣ ካልሲየም ክሎራይድ 440፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 370 እና ፖታሲየም ፎስፌት 170 ሚሊግራም ናቸው። ካልሲየሙን ለብቻው ስቶክ (በኋላ የሚቀጥን ወፍራም ውህድ) አድርጉት፤ ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር በወፍራሙ ከተቀላቀለ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይቀመጣል፣ ተክሉም አያገኘውም። ብረቱ ደግሞ 27.8 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት (የብረት ጨው) ከ37.3 ሚሊግራም ሶዲየም ኢዲቲኤ ጋር በሙቅ ውሃ ተዋሕዶ ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ይቀመጣል።

ስኳሩ በሊትር 30 ግራም ነው። የሱቅ ስኳር ይሆናል፤ ግን ነጩንና የተጣራውን ምረጡ። ቡናማነት ያለው ስኳር ከባች ባች የማይታወቅ ነገር ይዞ ይመጣል። ምግቡን የሚያረጋው አጋር 7 ግራም፤ ውሃው ዲስትልድ ወይም ማዕድኑ የወጣለት ይሁን።

ለመጀመሪያው ዙር በሊትር 2 ሚሊግራም ቢኤፒና 0.1 ሚሊግራም አይኤኤ የተባለ ሌላ የእድገት ሆርሞን ጨምሩ። ቢኤፒ በውሃ ብቻ አይሟሟም። 100 ሚሊግራሙን በጥቂት ጠብታ 1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካሟሟችሁ በኋላ በውሃ 100 ሚሊሊትር ብትሞሉት እያንዳንዱ ሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ሂሳቡ ቀላል ነው። ስቶኩ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ይቀመጥ። አይኤኤ ብርሃንና ሙቀት ያበላሹታል፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ አዘጋጁት። ይህ ካስቸገራችሁ ተመሳሳዩ ሆርሞን ኤንኤኤ በሙቀት አይበገርም፤ ጠንካራ ስለሆነ ግን መጠኑን ቀንሱ።

ፒኤች (የምግቡ አሲድነት መለኪያ) የሚለካው ሁሉም ነገር ገብቶ፣ አጋሩ ሳይጨመር ነው። 5.8 ይሁን። ከ5 ከወረደ አጋሩ አይረጋም፣ ከ6 ካለፈ ደግሞ ይጠነክራል፣ ብረቱም ለተክሉ መድረስ ያቅተዋል። አጋሩን አፍልታችሁ ካሟሟችሁ በኋላ በየጠርሙሱ ከ30 እስከ 40 ሚሊሊትር ቅዱ። ይህ ትንሽ መጠን ቀጥሎ ለምናወራው ነገር ወሳኝ ነው።

መቀቀልና ከፍታ

በየመጽሐፉ የተጻፈው «121 ዲግሪ፣ 15 ፒኤስአይ፣ 15 ደቂቃ» ባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው (ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው)። የአውቶክሌቩ፣ ማለትም በግፊት እንፋሎት የሚቀቅለው መሣሪያ፣ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ቀላል ነው፣ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ጌጁ 15 ሲል በውስጡ ያለው እንፋሎት 121 ሳይሆን ከ116 እስከ 117 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በ116.5 ዲግሪ ተመሳሳይ ግድያ ለማግኘት የሚያስፈልገው ጊዜ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። «ምግቡን ቀቅለነዋል፣ ግን በአምስተኛው ቀን ባዶው ጠርሙስ ራሱ ሻገተ» የሚል ሰው ደጋ ላይ ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

መፍትሔው እንደ መሣሪያው ይለያያል። በሙቀት የሚቆጣጠር አውቶክሌቭ ካላችሁ 121 ላይ አስቀምጡት፤ ጌጁ ወደ 19 ፒኤስአይ ያሳያል፣ ያ ትክክል ነው፣ መሣሪያው ለዚያ ግፊት የተሠራ መሆኑን ግን ከመመሪያው አረጋግጡ። በ15 ፒኤስአይ የሚያስተነፍስ ፕሬሸር ኩከር ወይም ትንሽ አውቶክሌቭ ከሆነ ክብደቱን ወይም ቫልቩን በፍጹም አትነካኩ፤ ጊዜውን አርዝሙ። አዲስ አበባና ሆለታ ላይ 40 ደቂቃ፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ባቱ ላይ 30 ደቂቃ ያህል። ቆጠራው የሚጀምረው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቫልቩ ክፍት ሆኖ እንፋሎቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኃይል ይውጣ። ውስጡ የቀረ አየር ካለ ጌጁ ቢሞላም ሙቀቱ አይደርስም።

ጊዜው ሲረዝም ሌላ ዕዳ ይመጣል፦ ስኳሩ ይቃጠላል፣ ፒኤቹ ይወርዳል፣ አጋሩም ይላላል። ለዚህ ነው ምግቡን በሊትር ጠርሙስ ሳይሆን በትንንሽ መጠን ቀድቶ መቀቀል የሚሻለው፤ 40 ሚሊሊትር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል። አንድ ሊትር ያለው ጠርሙስ መሃሉ እስኪሞቅ ድረስ ዳሩ ከመጠን በላይ ይበስላል። ከተቀቀለ በኋላ ምግቡ ወደ ሻይ ቀለም ከዞረ ጊዜውን አብዝታችኋል። ከመቀቀሉ በፊት ፒኤቹን 5.8 ሳይሆን 5.9 ማድረግ መውረዱን ይካካሳል።

የተቀቀለውን ምግብ በዚያው ቀን አትጠቀሙ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን መደርደሪያ ላይ ይቆይ፤ የሚሻግተው ባዶውን ቢሻግት ከነተክሉ ከሚሻግት ይሻላል።

ላሚናሩ ውስጥ

ፋኑ ሥራ ከመጀመሩ 20 ደቂቃ አስቀድሞ ይከፈት። እጅ እስከ ክርን ይታጠብ፣ በአልኮል ይታበስ። ቢያንስ ሁለት ጥንድ መቆንጠጫና ስካልፔል (ስለታም የላብ ቢላ) ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይቀዝቅዝ። በነበልባል የምታጸዱ ከሆነ የአልኮል ብርጭቆውን ከእሳቱ አርቁ፤ የጋለ መቆንጠጫ አልኮል ውስጥ መክተት በላብ ውስጥ የሚነሳ እሳት ዋና ምክንያት ነው። መብራት ከጠፋ እጃችሁ ላይ ያለውን ጠርሙስ ዝጉና ቁሙ። ፋኑ ሲቆም የክፍሉ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲመለስም እንደገና 20 ደቂቃ ይጠበቅ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለአየር ማጣሪያው ብቻ የሚሆን ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ከጄኔሬተር በፊት ግዙ።

የጸዳውን እንቡጥ በመቆንጠጫ ይዛችሁ አረንጓዴዎቹን የሽፋን ቅጠሎች በስካልፔል አንድ በአንድ ላጡ። በረኪና የነካውን የዘንግ ጫፍ ቁረጡና 2 ሚሊሜትር ብቻ አስቀሩ። ጥቃቅኖቹን አበቦች ከላይ በስሱ ቅረፉ። የቀረውን መቀመጫ ከላይ ወደ ታች ለአራት ሰንጥቁና የዘንጉን በኩል ወደ ምግቡ አድርጋችሁ ትከሉ። በአንድ ጠርሙስ አንድ ቁራጭ ብቻ ይግባ፤ ቁጠባ ብላችሁ አራቱን አንድ ላይ ካስገባችሁ አንዱ ሲሻግት አራቱም ይሄዳሉ። የክፍሉ ሙቀት ከ23 እስከ 25 ዲግሪ፣ ብርሃኑ ከ2,000 እስከ 3,000 ሉክስ በቀን ለ16 ሰዓት ይሁን።

መጀመሪያ ቁራጩ ያብጣል፣ ጥቂት ቡናማ ይሆናል፤ አትጣሉት። እንደ ዝርያው ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሽፋን ቅጠሎቹ ከነበሩበት ብብት ትንንሽ ቡቃያዎች ይወጣሉ። አንዳንድ ዝርያ ጨርሶ እምቢ ይላል፤ ለነዚያ ወደ ቡቃያ ጫፍ መመለስ ያስፈልጋል። ምንም ካልወጣ በአራተኛው ሳምንት ወደ አዲስ ተመሳሳይ ምግብ አዛውሩ።

የተበላሸውን ጠርሙስ ማንበብ

የተበከለ ጠርሙስ የት እንደ ተሳሳታችሁ ይነግራችኋል፤ ሳታዩት አትጣሉት። ሻጋታው የተነሳው ከቁራጩ ጎን ከሆነ የእናት ተክሉ ወይም የአጸዳዱ ችግር ነው። ከቁራጩ ርቆ ምግቡ ላይ ተበታትኖ ከታየ ከአየር፣ ከእጅ ወይም ከመሣሪያ ነው፤ የላሚናሩን ማጣሪያና የሠራተኛውን አያያዝ ተመልከቱ። በአንድ ቀን የተቀቀለው ሁሉ፣ ተክል ያልገባበትም ጭምር ከተበላሸ መቀቀያው ነው። በአንድ ሠራተኛ እጅ ያለፈው ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለዚህም ጠርሙሱ ላይ ቀን፣ ዝርያ፣ ዙርና የሠራተኛው መለያ መጻፍ አለበት።

አስቸጋሪው ከሳምንታት በኋላ በቁራጩ ግርጌ እንደ ወተት ደመና ብቅ የሚለው ባክቴሪያ ነው። እሱ በተክሉ ውስጥ የነበረ ነው፣ በረኪና አይደርስበትም። አንዳንዱ የባክቴሪያ ዘር አልኮልንም ይቋቋማልና በመቆንጠጫ ይተላለፋል። አንቲባዮቲክ ጨምሮ ለማዳን መሞከር ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያውን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሥር ማውጫው ላይ ተመልሶ ይመጣል። ያንን መስመር ጥላችሁ ከሌላ እንቡጥ ጀምሩ። የተበከለ ጠርሙስ ሳይከፈት አውቶክሌቭ ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ ይታጠብ።

ማባዛት

ቡቃያዎቹ አንድ ሴንቲሜትር ሲሆኑ ለይታችሁ ወደ ማብዣው ምግብ አዛውሩ። እዚህ ቢኤፒ ወደ 0.5 ወይም ቢበዛ 1 ሚሊግራም ይወርዳል። ብዙዎች የመጀመሪያውን ከፍተኛ መጠን ይቀጥሉበታል፤ ለአንድ ሁለት ዙር ቁጥሩ ያስደስታል፣ በሦስተኛው ግን ጠርሙሱ እንደ ሣር ባለ ቀጭን፣ አንድ በአንድ መለየት በማይቻል ቡቃያ ይሞላል። ጉዳቱ ጠርሙሱ ውስጥ አይቀርም፦ ከመጠን ያለፈ ሳይቶካይኒን (ቢኤፒ ያለበት የሆርሞን ወገን) ያገኘ ጀርበራ እርሻ ላይ ከወጣ በኋላም ቅጠሉ እየበዛ ትንንሽ ሆኖ ይቀራል፣ አበባውም ያንሳል። ገበሬው የሚያማርረው ከወራት በኋላ ነው፣ ያኔ መመለስ አይቻልም።

በየአራት ሳምንቱ ማዛወር፣ በየዙሩ ሦስት እጥፍ ማግኘት ጤናማ ፍጥነት ነው። ሂሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። አሥር ቡቃያ በስድስት ዙር ሦስት ሦስት እጥፍ ቢያድግ 7,290 ይሆናል። በየዙሩ 10 በመቶ ቢበላሽ ግን 3,870 ገደማ ብቻ ይቀራል። በየዙሩ የሚጠፋ አሥር በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ግን ግማሹን ይወስዳል። ደንበኛ የሚጠብቀውን ቁጥር ቃል ከመግባታችሁ በፊት የራሳችሁን የብክለት መጠን ለሦስት አራት ዙር መዝግቡ።

ስትከፋፍሉ ከቅጠል ብብት የወጣውን ቡቃያ ብቻ ውሰዱ። ግርጌው ላይ ካለው እብጠት፣ ከካለሱ የሚነሳው ቡቃያ ዝርያውን የመለወጥ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከነካለሱ ቁረጡና ጣሉት። ከስምንት እስከ አሥር ዙር ካለፈ ደግሞ መስመሩን አቁሙና ከእናት ተክል አዲስ እንቡጥ አስገቡ።

ቅጠሉ ብርጭቆ መስሎ፣ ውሃ አርግዞ፣ በቀላሉ የሚሰበር ከሆነ በውሃ ሞልቷል ማለት ነው። ምክንያቶቹ ይደራረባሉ፦ ለስላሳ አጋር፣ አየር የማያስገባ ክዳን፣ የበዛ ቢኤፒ፣ የበዛ አሞኒየም። በዚህ ቅደም ተከተል አስተካክሉ፤ አጋሩን ከ7 ወደ 8 ግራም ከፍ አድርጉ፣ ክዳኑ ትንሽ አየር የሚያሳልፍ ይሁን፣ ቀጥሎ ቢኤፒን ቀንሱ፣ ካልተሻለ አሞኒየም ናይትሬቱን በግማሽ። ጠርሙሱ የተቀመጠበት መደርደሪያ ከሥሩ ባለ መብራት የሚሞቅ ከሆነም ውሃው ተንኖ ክዳኑ ላይ እየረጋ ይንጠባጠባል፤ የመብራቱን ባላስት (የሚሞቀውን የኤሌክትሪክ ክፍል) ከመደርደሪያው ውጭ አውጡት።

ሥር ማስያዝ

ከሥር ማስያዙ በፊት አንድ ዙር ቢኤፒ በሌለበት ወይም 0.2 ሚሊግራም ብቻ ባለበት ምግብ አሳልፏቸው፤ ይረዝማሉ፣ የተጠራቀመውም ሆርሞን ይቀንሳል። ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር የደረሱትን፣ ሦስት አራት ቅጠል ያላቸውን በግማሽ ኤምኤስ፣ 20 ግራም ስኳርና 0.5 ሚሊግራም አይቢኤ (ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን) ባለበት ምግብ ትከሉ። ጀርበራ ሥር ለማውጣት አያስቸግርም፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ነጭ ሥር ይታያል። ሥሩ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ሲሆን አውጡት። «ይጠንክር» ብሎ ማቆየት ጉዳት ነው፤ የረዘመው ሥር ሲታጠብ ይሰበራል፣ በተሰበረበትም በሽታ ይገባል።

ከጠርሙስ ወደ ትሬይ

ብዙ ችግኝ የሚያልቀው እዚህ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ቅጠል የሰም ሽፋኑ ስስ ነው፣ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹም መዘጋት አልለመዱም። ደረቅ አየር ላይ ሲወጣ ሥሩ ከሚስበው በላይ ውሃ ያጣል። ሥሩም ቢሆን አጋር የለመደ ነው እንጂ አፈር አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ አየሩን እርጥብ፣ ሥሩን ደግሞ ያልጨቀየ አድርጎ ማቆየት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ትሬዩን በውሃ ያጥለቀልቅና ተክሉን ያበሰብሳል።

ችግኙን ከጠርሙስ ከማውጣታችሁ ሦስት ቀን በፊት ጠርሙሱን ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ችግኝ ቤት አስቀምጡ። በለብታ ውሃ አጋሩን በጣት እያሻሻችሁ ሙሉ በሙሉ እጠቡ። የቀረ አጋር ስኳር አለበትና በሁለተኛው ቀን ሻጋታ ይይዘዋል። ለጥቂት ደቂቃ የፈንገስ መድኃኒት ውስጥ ንከሩና ትከሉ። መትከያው ሦስት እጅ ኮኮፒት (የኮኮናት ቅርፊት ብናኝ) አንድ እጅ ፐርላይት (ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይሁን፤ ፐርላይት ከሌለ በደንብ የታጠበ የእሳተ ገሞራ ቀይ ጠጠር፣ ደቃቁ ተነፍቶ፣ ይተካል። ኮኮፒት ብዙውን ጊዜ ሶዲየምና ፖታሲየም ይዞ ይመጣል፤ የሚወጣው ውሃ ኢሲ (የሟሟ ጨው መጠን መለኪያ) ከ0.5 እስኪወርድ አጥቡት፣ በካልሲየም ናይትሬት ውሃ አሳድሩና እንደገና አለቅልቁት። ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6 ይሁን።

ስትተክሉ ቅጠሎቹ የሚወጡበት እምብርት ከመትከያው በላይ ይቅር። የተቀበረ እምብርት በጀርበራ ላይ የመበስበስ ዋናው መንገድ ነው። ትንሽ ዘንበል ቢል ይሻላል እንጂ ጠልቆ አይተከል።

ትሬዮቹ በፕላስቲክ ዋሻ ውስጥ፣ ከላይ የጥላ መረብ ተደርጎላቸው ይቀመጡ። የመጀመሪያው ሳምንት እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ፣ ሙቀቱ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን፤ ርጭቱ ጉም የመሰለ፣ ቅጠሉን የሚያረጥብ እንጂ መትከያውን የማያጨቀይ ይሁን። በሁለተኛው ሳምንት ማለዳና ወደ ማታ ለአንድ ሰዓት ክፈቱት፤ በየሁለት ቀኑ ሰዓቱን ጨምሩ። በሦስተኛው ቀን ላይ ዋሻው በቀን ክፍት፣ እኩለ ቀን ላይ ብቻ ዝግ ይሆናል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ እዚያ የሚደረሰው በሦስተኛው ሳምንት ነው። በአራተኛው ሳምንት ፕላስቲኩ ይነሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት የደጋው አየር እኩለ ቀን ላይ በጣም ደረቅ ነውና መክፈቱን በማለዳ ብቻ ወስኑት፤ በክረምት ደግሞ አደጋው ተቃራኒ ነው፣ ቶሎ መክፈትና አየር ማዘዋወር ያስፈልጋል።

አሮጌዎቹ ቅጠሎች ቢጠወልጉ አትደንግጡ። ጠርሙስ ውስጥ የወጡት ቅጠሎች ብዙዎቹ ይሞታሉ። መታየት ያለበት እምብርቱ ነው፤ በ10 ቀን ውስጥ አዲስ፣ ጠንካራና ጸጉራም ቅጠል ከወጣ ችግኙ ተርፏል። ያን ጊዜ ናይትሬት የበዛበት ማዳበሪያ በኢሲ ከ0.6 እስከ 0.8 ጀምሩ። ማዳበሪያውን ቀድሞ መስጠት አልጌና ጥቃቅን ዝንቦችን ይጋብዛል፤ የዝንቦቹ ትሎች ለስላሳውን ሥር ይበላሉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያለው ችግኝ ለሽያጭ ይደርሳል፤ እርሻ ላይ ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ያብባል።

ዝርያው የማን ነው?

ገበያ ላይ ያሉት አዳዲስ የጀርበራ ዝርያዎች ብዙዎቹ የአዳቃይ ባለመብት አላቸው። ኢትዮጵያም የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚጠብቅ ሕግ አላት። ከአበባ ሱቅ የገዛችሁትን እንቡጥ አብዝታችሁ መሸጥ ከባለመብቱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ ሊያዝ ይችላል። ለመለማመጃ መብቱ ያለፈበትን ወይም ራሳችሁ ከዘር አሳድጋችሁ የመረጣችሁትን ተጠቀሙ።

ከእያንዳንዱ አዲስ መስመር በሺዎች ከማብዛታችሁ በፊት ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዙር 30 ያህል ችግኝ አውጥታችሁ እስኪያብቡ አሳድጉ። ቀለሙን፣ የአበባውን ስፋት፣ የዘንጉን ርዝመትና የቅጠሉን ብዛት ከእናትየዋ ጎን አስቀምጣችሁ ለኩ። ይህ አምስት ስድስት ወር ይወስዳል፤ እስከዚያ የቀረው ካልቸር በ15 ዲግሪ ገደማና በደብዛዛ ብርሃን ቢቀመጥ እድገቱ ስለሚዘገይ የማዛወሩ ልፋትም ይቀንሳል። ከ30ዎቹ ውስጥ የተለየ አበባ ያወጣ ከተገኘ የዚያን ተክል መስመር ቁጥር ከመዝገቡ ፈልጉና ከሱ የመጡትን ጠርሙሶች በሙሉ አውጡ።